የጥምቀቱ ፎቶ ሳይመጣ ስክሪኑ ለምን ይጠፋል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ጡረታ የወጡ መምህር የቤታቸውን ዴስክቶፕ አምጥተው ነበር። ልጃቸው ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ያነሳቸው የጥምቀት ፎቶዎች፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ እየተፈራረቁ እንዲታዩ ስክሪን ሴቨር አድርገውታል። «ፎቶው አንድም ቀን አልመጣም፤ ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ድርግም ይላል» አሉ።

የተረከባቸው ልጅ ወዲያው ሲፒዩውን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ፈታ። ራሙን ነቅሎ ወርቃማውን እግሩን በላጲስ አሸ፣ የስክሪኑን ገመድ ቀየረ፣ ቪዲዮ ካርዱንም ጠረጠረ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ እንደገና ጠፋ። ባልደረባው «እስቲ ማውሱን ነካ አድርገው» አለው። ሲነካው ዴስክቶፑ ወዲያው ተመለሰ። ከዚህ ምልክት በኋላ ሲፒዩ መፍታት የደንበኛን ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው። ራሙ ወይም ካርዱ የተበላሸ ኮምፒውተር ማውስ ስለተነካ ብቻ አይነሳም።

ስክሪን ሴቨሩ በ15 ደቂቃ እንዲጀምር ተሞልቷል፤ የኃይል ቁጠባው ደግሞ ስክሪኑን በ10 ደቂቃ ያጠፋዋል። የፎቶው ተራ ሳይደርስ ስክሪኑ ይተኛል ማለት ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፓወር ውስጥ ገብተው የስክሪን ማጥፊያውን 30 ደቂቃ አደረጉት። ቀጥሎ ሴቲንግስ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ሎክ ስክሪን፣ ከታች ስክሪን ሴቨር፤ እዚያ «ፎቶስ» የሚለው ተመርጦ መጠበቂያው 5 ደቂቃ ሆነ።

ፎቶዎቹ መጡ፤ ግን ግማሾቹ የሉም። የመምህሩ ልጅ ጥራታቸው እንዳይወርድ ብሎ በቴሌግራም እንደ ፋይል ነው የላካቸው። ሐሳቡ ልክ ነው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። ነገር ግን ስልኩ አይፎን ነው፤ አይፎን በራሱ ምርጫ ፎቶ የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ (HEIC) በሚባል የፋይል ዓይነት ነው፤ እንደ ፋይል ሲላክም እንዳለ ይመጣል። ማንበቢያው ያልተጫነበት ዊንዶውስ አይከፍተውም። ስለዚህ ዊንዶውስ በቀላሉ ወደሚከፍተው ጄፔግ (JPEG) ተቀየሩ። ለሚቀጥለው ጥምቀት ስልኩ ላይ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» ማድረግ ይበቃል፤ ቀድሞ የተነሱትን ግን አይለውጣቸውም።

ፎልደሩም ፍላሽ ላይ ነበር። ፍላሹ ሲነቀል ስክሪን ሴቨሩ የሚያነበው ያጣል፤ ወደ ኮምፒውተሩ ዲስክ ተገለበጠ። ስልኩን አቁመው ያነሷቸው ፎቶዎች ግራና ቀኛቸው ጥቁር ሆኖ ስለሚቀር፣ አግድም የተነሱት ፎቶዎች ተመረጡ፤ ውሃውና ሕንፃው ስክሪኑን ሞልተው ያምራሉ። ፍጥነቱ «ስሎው» ሆነ። ታቦት አጅቦ የቆመ ሰው ፊቱ ሳይለይ ማለፍ የለበትም።

የተመረጠው ፎልደር «ፒክቸርስ» ራሱ አልነበረም፤ ለብቻው አዲስ ተከፈተለት። ስክሪን ሴቨሩ በውስጡ ያሉትን ንዑስ ፎልደሮችም ስለሚያነብ፣ የመታወቂያና የሐኪም ወረቀት ፎቶ እንግዳ ፊት እንዳይወጣ።