ቤተሰብም የሚጭን፣ ስኪም የሚጎትት ጀልባ

ሻጩ «ይኼ ጀልባ በሰዓት 50 ማይል ይሄዳል» ሲላችሁ፣ እናንተ ግን ከቆመበት እንዴት እንደሚነሳ ጠይቁት። የውሃ ስኪ ያን ያህል ፍጥነት አይጠይቅም። ለጀማሪ ልጅ ከ13 እስከ 16 ማይል፣ በሁለት ስኪ ለሚቆም አዋቂ 20 ማይል አካባቢ ይበቃል፤ በአንድ ስኪ የሚሄድ ጎበዝም ከ34 ብዙ አያልፍም። ጭንቁ ያለው ስድስት ሰው፣ የበረዶ ሳጥንና ሙሉ ነዳጅ ተጭኖ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ አንድ ጎልማሳ ውሃ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ሲጠብቅ ነው። ጀልባው አፍንጫውን ሽቅብ ሰቅሎ ሰባት ስምንት ሰከንድ ካንፏቀቀ የሰውዬው ክንድ ይዝልና እጀታውን ይለቃል። ሁሉም «እሱ አልቻለም» ይላል፤ ያልቻለው ግን ብዙ ጊዜ ፕሮፔለሩ፣ ውሃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደው ተሽከርካሪ፣ ነው።

ፕሮፔለሩ ላይ ከመድረሳችን በፊት ሞተሩ የት እንደተቀመጠ እንይ። የውድድር ስኪ ጀልባ ሞተሩ መሀል ወለሉ ላይ ነው። ከኋላው የሚተወው ሞገድ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለስኪ የሚመሳሰለው የለም፤ ግን የሞተሩ ሳጥን መቀመጫውን ይበላዋል፣ ሆዱም ዘርጋ ያለ ስለሆነ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ጀርባ ያንገጫግጫል። ለዌክቦርድና ለሰርፍ፣ ማለትም ጀልባው በሚያነሳው ሞገድ ላይ በአንድ ሳንቃ ለመንሸራተት፣ የተሠሩት ደግሞ ሞተራቸው ኋላ ሆኖ፣ ውሃ የሚሞላ ታንክ ይዘው፣ ሆን ብለው ትልቅ ሞገድ ያነሳሉ። ያ ሞገድ ለስኪ ጉብታ ነው፤ ዋጋቸውም ያስደነግጣል። ፖንቱን፣ በብረት ቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፈው ጠፍጣፋ ጀልባ፣ ለአያቶችና ለጀበና ቡና ምርጥ ነው። ስኪ እንዲጎትት ከተፈለገ ግን ሦስት ቱቦ ያለውና ቢያንስ 150 የፈረስ ጉልበት የያዘ መሆን አለበት።

ለአብዛኛው ቤተሰብ የምንመርጠው ከፊቱ መቀመጫ ያለው፣ ከ19 እስከ 20 ጫማ የሚረዝም ባውራይደር ነው፤ 150 ወይም 200 የፈረስ ጉልበት ያለው አውትቦርድ፣ ማለትም ከኋላ ውጭ የሚንጠለጠል፣ ሞተር የተገጠመለት። የሆዱ ሹልነት ኋላ ላይ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ማዕበል ይሰነጥቃል። የውሃ ስኪ የተጀመረበት ሌክ ፔፒን፣ ራልፍ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ የተጎተተበት የአሜሪካው ሚኒሶታ ግዛት ሐይቅ፣ ሰፊና ለነፋስ የተጋለጠ ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ ዘርጋ ባለ ሆድ ልጆች ይዞ መመለስ ቅጣት ነው።

አውትቦርድ ያልነው በሚኒሶታው ብርድ ምክንያት ነው። ቀጥ አድርጋችሁ ስታቆሙት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በራሱ ይፈሳል። ስተርንድራይቭ የሚባለው፣ ሞተሩ ውስጥ ሆኖ እግሩ ውጭ ያለው፣ ውሃው ተጠርጎ ካልወጣና ፀረ በረዶ ካልገባበት አንድ የውርጭ ሌሊት ብቻ የሞተሩን አካል ሊሰነጥቀው ይችላል። እግሩና ጀልባው የሚገናኙበት የጎማ ሽፋንም ሲያረጅ ይቀደዳል፤ ያኔ ውሃ ጀልባው ውስጥ ይገባል። ጥሩ ጎኑ የመዋኛ መድረኩ ሰፊና ያልተቆረጠ መሆኑ ነው። ሰርፍ ግን በተለመደው አውትቦርድም ሆነ ስተርንድራይቭ ኋላ አይሞከርም፤ ፕሮፔለሩ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ነው የሚሽከረከረው። ሞተር እየሠራ ልጅ መድረኩ ላይ አይቀመጥ፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚያ ይከማቻል።

አሁን ወደ ፕሮፔለሩ። ላዩ ላይ ለምሳሌ 19 የሚል ቁጥር ካለ፣ ውሃው ውስጥ ባይንሸራተት በአንድ ሙሉ ዙር 19 ኢንች ወደፊት ይገፋል ማለት ነው፤ ፒች ይሉታል። እንደ መኪና ማርሽ አስቡት። ትልቅ ፒች በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ እንደመነሳት ነው። ሙከራው ቀላል ነው፦ የተለመደውን ሰው ጭናችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስጡትና የሞተሩን ዙር ቆጣሪ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ባለ 150 አውትቦርዶች ከ5000 እስከ 6000 ዙር መድረስ አለባቸው፤ ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ አለ። 4700 ላይ ከቆመ ፒቹ በዝቷል። አንድ ኢንች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል፤ ስለዚህ ከ19 ወደ 17 መውረድ ነገሩን ያስተካክለዋል። አራት ቅጠል ያለው ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነት ውሃውን ይበልጥ ይይዛል። ከጫፍ ፍጥነት ጥቂት ማይል ታጣላችሁ፤ ማንም አያስተውለውም።

ገመዱ የሚታሰረው ለመጎተት በተሠራው ቀለበት ወይም ምሰሶ ላይ ብቻ ነው፤ ጀልባ ወደብ ላይ የሚታሰርበት ትንሽ ብረት ተነቅሎ እንደ ጥይት ይወረወራል። የስኪ ገመድ መደበኛ ርዝመቱ 75 ጫማ ነው። ሰው ተቀምጦበት የሚጎተት ተነፊ ቲዩብ የራሱን ወፍራም ገመድ ይፈልጋል፤ ለሁለት ሰው ቢያንስ 2375፣ ለአራት 4100 ፓውንድ የሚችል። ቲዩብን ከታወሩ፣ አንዳንድ ጀልባ ላይ ከፍ ብሎ ከቆመው የብረት ቅስት፣ ላይ ማሰር አይፈቀድም፣ ታወሩን ያጣምመዋል። በጋዝ የሚነፋ ላይፍ ጃኬትም ለስኪ አይሆንም፤ ፎም ያለው ይሁን። ሚኒሶታ ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ ተጎታቹን የሚያይ ሰው ወይም ሰፊ መስታወት ግዴታ ነው። ሰው ቢኖር ይሻላል፤ መስታወት አይጮህም።

ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን አቅም እዩ። ቶዮታ ሲየና የሚጎትተው 3500 ፓውንድ ነው፤ ባለ 19 ጫማ ባውራይደር ደግሞ ከትሬለሩ፣ ከነዳጁና ከዕቃው ጋር በቀላሉ 4000 ያልፋል። በቤንዚን ብቻ እንደሚሠራው ቶዮታ ሃይላንደር ዓይነት 5000 የሚችል ያስፈልጋል። ያገለገለ ከሆነ ወለሉን በተረከዛችሁ እየረገጣችሁ ዙሩ፤ ለስለስ የሚል ቦታ ካለ ከስር እንጨቱ በስብሷል፣ ተዉት። የታችኛው ማርሽ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

በመጨረሻም ከኋላ በታች ያለችው፣ የውሃ ማፍሰሻውን ቀዳዳ የምትደፍነው ታፓ። ዚብራ መስል የሚባለው ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ የውሃ ፍጥረት ከሐይቅ ሐይቅ እንዳይዛመት፣ በሚኒሶታ ሕግ ጀልባ መንገድ ላይ ሲጎተት ታፓው ተነቅሎ ውሃው መፍሰስ አለበት። ስለዚህ በወጣችሁ ቁጥር ትነቅሏታላችሁ፣ በገባችሁ ቁጥር የመርሳት ዕድል አላችሁ። ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እሰሯት፤ ትርፍ አንድም መኪናው ውስጥ ይኑር።