ፍሪዳው የሚታረደው ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው?

ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። በቀጥታ ስርጭት፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ደራሲ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው። ከስቱዲዮ ውጭ ብናገረው ምናልባት ቀልድ ይሆን ነበር።

የመጻሕፍት ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። ጣቢያችን የሃይማኖት ጣቢያ አይደለም፤ ዜና፣ ስፖርት፣ ሙዚቃ፣ በመሀል ደግሞ እኔ። የክርስቲያን ልብ ወለድ የሚጽፉ ሴት በእንግድነት ሊመጡ ቀጠሮ የተያዘ ዕለት አለቃዬ በሩን በግማሽ ከፍቶ አንገቱን አስገባና «ስለ ጽሑፉ ብቻ አውራ። እምነት ውስጥ ከገባህ ስልኩ አይቆምም» አለኝ። የሬዲዮ ጣቢያ አለቃ ስልክ እንዳይደወልበት የሚሰጋው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እሺ አልኩ።

መጽሐፉ 231 ገጽ ነው። እኔ 140ኛው ላይ ነበርኩ። በየሳምንቱ መጽሐፍ እየተከመረበት የሚሠራ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈጅበትም። የቀረውን መገመት አያቅተኝም ብዬ ነበር። ታሪኩ የአንዲት እናት ነው። ልጇ ተጣልቷት ከቤት ወጥቶ ጠፍቷል። ማታ ማታ በሩን ሳትቆልፍ ትተኛለች፤ ከመተኛቷ በፊት ደግሞ አንድ ጸሎት አላት፦ «የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ። በሩ ክፍት ነው።» ሉቃስ 15ን የሰማ ሰው የዚህን መጨረሻ ለማወቅ ገጽ መግለጥ አለበት? ልጁ ይመለሳል፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይላቀሳሉ፣ የሰባው ፍሪዳ ይታረዳል።

ስለዚህ ጊዜዬን በሙሉ መግቢያዬ ላይ አጠፋሁት። መግቢያው እንኳን ጥሩ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊዋ ዶሮቲ ሴየርስ የኢየሱስን ሕይወት በ12 የሬዲዮ ድራማዎች ጽፋ፣ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941 ማስተላለፍ እንደጀመረ ተናገርኩ። ገና ሳይተላለፍ የኢየሱስን ቃል ተዋናይ መናገሩ፣ በሰፈር ቋንቋ መወራቱም ነውር ነው ተብሎ ዘመቻ ተከፈተበት፤ ነገሩ እንግሊዝ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። ድራማው ግን ተላለፈ፤ ተቃዋሚዎቹም ሳያስቡት ማስታወቂያውን ሠሩለት። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ካወራሁ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እንኳን ደህና መጡ» አልኩ።

«እንኳን ደህና ቆያችሁ» አሉ። «መግቢያዎን ወድጄዋለሁ። ሴየርስ ውሏን ቀድዳ የላከችውን ግን ዘለሉት።»

አልዘለልኩትም፤ አላውቀውም ነበር። እሳቸው ነገሩን። በመጀመሪያ ሥራውን የያዘው የልጆች ክፍል ነበር። ክፍሉ «ይህ ለልጆች ይከብዳል፤ ይህን እናቅልለው» ማለት ሲጀምር ሴትዮዋ ውሉን ብጭቅጭቅ አድርጋ መለሰችላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ድራማ ክፍሉ ሰው ተዛወረ።

«እኔም ለመቅደድ ትንሽ ነበር የቀረኝ» አሉ። «የመንፈሳዊ መጻሕፍት አሳታሚው የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀይሪ አለኝ። ሌላው አሳታሚ ጸሎቱን አውጪው አለኝ። የሁለቱንም ሆድ ያሳመመው አንድ ገጽ ነው፤ 226።»

እስቲ አሁን አስቡት። እንግዳዬ ጥያቄውን ራሳቸው አብስለው አቀረቡልኝ። «226 ላይ ምን አለ?» ከማለት በቀር ሥራ አልነበረብኝም። ግን የመጻሕፍት ፕሮግራም አዘጋጅ ተብዬ፣ አንብቤዋለሁ ብዬ የተቀመጥኩ ሰው፣ እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ክፍተቱን በቀልድ ልሙላው ብዬ ነው ያን ፍሪዳ ያመጣሁት።

ደራሲዋ አልሳቁም። አልተቆጡምም። መነጽራቸውን አወለቁና «አንብበው ጨርሰውታል?» አሉኝ።

ሬዲዮ ላይ አምስት ሰከንድ ምን ያህል እንደሚረዝም የሠራበት ያውቀዋል። ቴክኒሻናችን ከመስታወቱ ማዶ እጁን የሙዚቃው ቁልፍ ላይ አድርጎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«መቼም… ገዝተው ለሚያነቡ አድማጮቻችን ስንል መጨረሻውን ባንናገር…»

«አድማጮችን አልጠየቅኩም።»

ከዚያ በኋላ ስልክ መክፈት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ከፈትኩ። አንድ ሰው ገባ። ስሙን አልተናገረም። «እኔ አማኝ አይደለሁም፤ ለመሆንም አላሰብኩም» ብሎ ጀመረ። አለቃዬ ትዝ አለኝና ጣቴን ወደ ቁልፉ አስጠጋሁ። እሳቸው ቀደሙኝ፦ «ይናገሩ፤ እኛ ጸሐፊዎች ከማያምን ሰው ጋር ስናወራ እንጠቀማለን» አሉና የአሜሪካዊውን ደራሲ የልው ዋላስን ነገር በአጭሩ አነሱ። ዋላስን እ.ኤ.አ. በ1876 ባቡር ላይ ኢንገርሶል የተባለው ስመ ጥር የሃይማኖት ተቺ በክርክር አፋጠጠው፤ ስለ ገዛ እምነቱ ምን ያህል አላዋቂ እንደሆነ አይቶ አፈረ፤ ከዚያ አጥንቶ የጻፈው ልብ ወለድ «ቤን ሁር» እ.ኤ.አ. በ1880 ወጣ። ሰውየው ሳቀ። ፕሮግራሙ ላይ ከልብ የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው፤ ያሳቀው ደግሞ እኔ አልነበርኩም።

ቀጠለ። ታናሽ ወንድሙ ከቤት ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናታቸው ስልክ ቁጥሯን አልቀይርም ብላለች። የተሰነጠቀችውን ስልክ ማታ ማታ ቻርጅ ላይ ትሰካና አጠገቧ ቁጭ ብላ በሹክሹክታ ታወራለች። «እስቅባት ነበር። አሁን እናንተን ስሰማ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። መጽሐፉ ላይ ያለችው ሴትዮ የምታናግረው ሰው አለ፣ ወይስ ከራሷ ጋር ነው የምታወራው?»

ደራሲዋ ወደ ማይኩ ጠጋ አሉ። «እናትዎን ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

ሰውየው ዝም አለ። ይህኛው ዝምታ የእኔ ዓይነት አልነበረም፤ ትንፋሹ ይሰማል። አንድ ነገር ሊናገር አየር ሳበ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ሰዓቱን አየሁ። ዜና ሊገባ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ዜናው እንኳን ሰበብ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው። ፈራሁ። ሰውየው የሚለውን ሳይሆን እሱ ተናግሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረው «እርስዎስ?» የሚሉኝን ፈራሁ። «ግሩም ጥያቄ ነው!» አልኩ። «ወደ ጽሑፉ ስንመለስ፣ ዓረፍተ ነገሮችዎ አጫጭር ናቸው፤ ይህ ታስቦበት ነው?»

«ታስቦበት ነው» አሉ ደራሲዋ። አጭር ዓረፍተ ነገር።

አመሰገንኩ፣ ዜናው ገባ፣ ቀዩ መብራት ጠፋ። ቴክኒሻኑ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አወረደና በውስጥ መነጋገሪያው «ሰውየው እኮ ገና አልጨረሰም። መስመር ላይ ነው» አለ። ደራሲዋ ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ተነሱ፤ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገብተው የስልኩን እጀታ ከቴክኒሻኑ እጅ ተቀበሉ። በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ያዳምጣሉ። ዜናው አልቆ፣ ስፖርቱ አልቆ፣ እሳቸው እዚያው ናቸው። ቴክኒሻኑ ወንበሩን ለቆላቸው ቆሞ ይሠራል።

ሲወጡ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ይቅርታ ልል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «መጽሐፉን ዛሬ ማታ እጨርሰዋለሁ» የሚል ነው። «አይቸኩሉ» አሉኝና ሄዱ።

ጨረስኩት። 226 ላይ ሌሊት በሩ ይከፈታል። እናትየዋ ከአልጋዋ ሳትነሳ «መጣህ?» ትላለች። የገባው ሌባ ነው። ሬዲዮኗን ያነሳል፤ ሲወጣ በሩን ይዘጋዋል። ተነስታ ትከፍተዋለች። ልጁ እስከ 231 አይመጣም።

በሳምንቱ ስብሰባ አለቃዬ ያ ፕሮግራም ስልክ እንዳጨናነቀ ገልጾ፣ የእምነትን ጉዳይ በድፍረት ለማንሳት የወሰነበትን ምክንያት አብራራ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። እኔም በበኩሌ ሥራዬን አሻሽያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ሲሰጡኝ የመጨረሻውን ምዕራፍ አስቀድሜ አነባለሁ። ቢያንስ በፍሪዳ አልያዝም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሰውየው በመጨረሻ ምን እንዳለ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ደራሲዋን ደውዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ቴክኒሻኑን ግን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ባለፈው ሳምንትም ኬብል ሲጠቀልል አግኝቼው «እስቲ ዛሬ እንኳ ንገረኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። «አንተ የጠየቅከው ስለ ዓረፍተ ነገር አልነበር?» አለና መጠቅለሉን ቀጠለ።