ያልተከፈተው ካርቶን

ጎርፉ በደረሰ በሦስተኛው ቀን መሥሪያ ቤታችን ዕርዳታ እንዲያሰባስብ ተወሰነ። አስተባባሪነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። የተፈናቀሉትን ሰዎች በስልኬ እያየሁ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

በአራት ቀን 37 ካርቶን ሞላ። አለቃችን ካርቶኖቹ ፊት ቆመው ፎቶ ተነሡ። ጭነን ወደ አንድ የዕርዳታ መጋዘን ወሰድነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው።

"ምንድን ነው ያመጣችሁት?"

"ልብስ ነው። መድኃኒትም አለበት።"

"የሕፃን ነው የአዋቂ?"

"የተቀላቀለ ነው።"

አንዱን ካርቶን በምላጭ ቀደው ከፈቱት። ከላይ ዚፑ የተበላሸ የሱፍ ካፖርት። ከሥሩ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ አንድ እግር ብቻ። ከጎኑ ግማሹ የተጠጣ የሳል ሽሮፕ፤ ክዳኑ ላልቶ ሸሚዞቹ ላይ ፈሷል። ጠርሙሱን አንሥተው ወደ መብራቱ አስጠጉት። ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑን ማንበብ ፈልገው ነበር። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ተጣበቀ።

"ልጄ፣ አንተ ይሄን ለልጅህ ታጠጣዋለህ?"

ዝም አልኩ።

"ያሉኝ አራት ሠራተኞች ናቸው። ቁጭ ብለው ይሄን ሲለዩ ድንኳኑን ማን ይጫንልኝ?"

አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ተናድጄ ነው የወጣሁት። ሰው ካለው ላይ ያካፈለው እንዴት ይመለሳል ብዬ።

በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። በ1988 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አርመኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ጎርፎላታል። ምን ምን እንደገባ ለማወቅ ብቻ 50 ሰው ስድስት ወር ፈጅቶበታል። ከመድኃኒቱ 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው አልፎበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ባወጣው መመሪያ ለበሽተኛ ተሰጥቶ የተረፈ መድኃኒት አይለገስም ይላል። የእኛ ሽሮፕ ማለት ነው። ሴትዮዋ ያንን ሁሉ በአንዲት ጥያቄ ነግረውኝ ነበር።

አለቃችን መመለሱን ለማንም እንዳልናገር አዘዙኝ። ፎቶው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔ ግን በስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ገንዘብ እናዋጣ አልኩ። ገንዘብ መኪና አያጨናንቅም፣ መለየት አይፈልግም፣ የጎደለው ዕቃ እዚያው አጠገብ ይገዛበታል፣ በጎርፉ የተጎዳውም ነጋዴ ይሸጥበታል። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የመዋጮው ዝርዝር ሲዞር ግን ሦስት ከረጢት ልብስ ያመጡ ሰዎች ሳይፈርሙ አሳለፉት። አንዱ እንዲያውም "እኔ ድርሻዬን ሰጥቻለሁ" አለኝ። ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከ37ቱ ካርቶን ግን አንዱ አልተመለሰም። ኃላፊዋ ላዩ ላይ የተጻፈውን አነበቡ፦ "ሴት ልጅ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ የታጠበ፣ 14 ፍሬ።" ሳይከፍቱት ገቢ አደረጉት። በገዛ እጃቸው ተሸክመው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

የጽዳት ሠራተኛችን ያመጣችው ካርቶን ነበር። በማግስቱ ኮሪደሩን ስትወለውል አገኘኋትና ያንቺ ብቻ ተቀባይነት አገኘ አልኳት። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

"ከመሬት ከፍ አድርገው ነው ያስቀመጡት?" አለችኝ። "እርጥበት እንዳያገኘው ብዬ ነው።"