ሽንቴ «ንጹህ ነው» እየተባለ ያለፉት 8 ዓመታት

በ19 ዓመቴ የግራ እግሬ አውራ ጣት አብጦ ጫማ ማድረግ አቃተኝ። ባሕር ዳር፣ ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ዩሪክ አሲዴን (ደም ውስጥ ሲበዛ ሪህ የሚያመጣውን ቆሻሻ) ለካና «ሪህ ነው፤ ሥጋና ቢራ ተው» አለኝ። ቢራ አልጠጣም፤ ሥጋም ቤታችን የሚገባው ለዓመት በዓል ነው። የጣና ዳር ልጅ ሆኜ ዓሣ ሳይቀር ተውኩ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በተነሣብኝ ቁጥር ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይወጉኛል። ሲብስብኝ ክኒኑን ራሴ ከፋርማሲ እገዛለሁ። አባቴ በኩላሊት እንደሞተ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቴም ሽንቴን መርምረው «ፕሮቲን የለም፣ ደም የለም፣ ኩላሊትህ ደህና ነው» ብለው ሸኙኝ። አልትራሳውንዱም ምንም አላሳየም። እኔን በያዘኝ፣ በዘር በሚተላለፍ የኩላሊት በሽታ፣ ኩላሊት እየደከመም ሽንት ንጹህ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም። ትንሽ ደም ወስዶ ክሬአቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ) መለካት ይበቃ ነበር። በ27 ዓመቴ ሲለካ 2.4 ሆኖ ተገኘ፤ ኩላሊቴ ደክሟል ማለት ነው። ለተጎዳ ኩላሊት ዲክሎፌናክ ጠላቱ ነው። ክሊኒኩን አልማርኩትም፤ ያለ ማዘዣ የገዛሁትን ራሴንም እንዲሁ።

የኩላሊት ሐኪሟ «ዘመዶችህን ጠይቀህ ና» አለችኝ። በጀልባ ዘጌ ሄጄ የአባቴን እህት ጠየቅኋት። «ምነው ልጄ፣ አያትህንስ ገና በጉርምስናው ቁርጥማት አልጋ ላይ ይጥለው አልነበር? አባትህም እንደዚያው» አለችኝ። በዚያ ቀን የሰማሁት ከ8 ዓመት ምርመራ ይበልጥ ነበር።

ናሙናዬ ውጭ አገር ተልኮ ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ችግሩ ኡሞድ የሚባለው ጂን ላይ ነው። ኩላሊት የሚሠራው ዩሮሞዱሊን የተባለ ፕሮቲን ቅርጹ ተበላሽቶ ሕዋሱ ውስጥ እየተጠራቀመ ሕዋሱን ይጎዳዋል። በሽንት መውጣት የነበረበት ዩሪክ አሲድም ደም ውስጥ ይቀራል። ሥጋው አልነበረም ጥፋተኛው። በሽታው ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ወንድ ሴት አይልም።

ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት አሎፑሪኖል ሪሁን አስታግሶልኛል፤ ኩላሊቴን ያድንልኛል ብዬ ግን አልተማመንበትም። ቤታችሁ በወጣትነቱ ሪህ የያዘውና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ካለ፣ የሽንት ውጤት ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ። ክሬአቲኒን ካልተለካልኝ አልሄድም በሉ፤ ቢቆጧችሁም።

አሁን ታናሽ እህቴ «ኩላሊቴን እሰጥሃለሁ፣ ቀኑ ሲደርስ» ትለኛለች። በተተከለ ኩላሊት ላይ በሽታው አይመለስም። እኛ ዘንድ የተለመደው ለጋሽ ግን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሷም ይህንኑ ጂን ይዛ ሊሆን ይችላል። ክሬአቲኒኗ 0.8 ነው፤ ለአሁኑ ደህና ነው። የጂኑ ውጤት ሳይመጣ ግን ስለ መስጠት እንዳታነሣብኝ ለምኛታለሁ።