ቆሮሶዎቼ በነሐሴ አመለጡኝ

ኮምቦልቻ አጠገብ፣ ጓሮዬ ውስጥ ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ (ቲላፒያ) ማርባት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ቁፋሮው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ፕላስቲክ አነጠፍኩ፣ ከጅረቱ በቦይ ውሃ ሳብኩ፣ ጫጩቶቹን ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል አስመጣሁ። ይሄን ማንም ይሠራዋል።

ያቃጠለኝ መውጫው ነው፤ ትርፉ ውሃ ወደ ጅረቱ የሚመለስበት ቱቦ። የማማክረው ባለሙያ «አፉ ላይ ወንፊት እሰርበት፣ አለቀ» አለኝ። አሰርኩ። የወንፊቱ ቀዳዳ ግን ትንሽ ጣት ያሳልፋል። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ዓሣ ናት። ጫጩቶቿ ከአፏ ሲወጡ ጥፍር እንኳ አያክሉም። ይሄን እያወቅሁ ወንፊቱን አይቼ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ስወጣ ኩሬውና ጅረቱ አንድ ሆነዋል። ትልልቆቹም ሄደዋል። ግድቡን አንድ ክንድ ከፍ ባደርገው ኖሮ! ሲሚንቶ ስቆጥብ ነው።

ጅረታችን ውስጥ ቆሮሶ አልነበረም። ስለዚህ ቢሮ ሄጄ ተናገርኩ። «ታዲያ ምን አለበት? ሐይቅስ ውስጥ ተጨምሮ ሰው እየበላው አይደል?» አለኝ ሠራተኛው፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። እውነቱን ነው፤ ስሙም ሐይቅ የሆነው የወሎ ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 በሰው እጅ ነው። አስጋሪው እንጀራውን ያገኝበታል። ነገር ግን የሐይቅ ውሃ ድሮ ጥርት ያለ ነበር። በኋላ ሲደፈርስ ተመራማሪዎች ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ዓሣ ነው። እሱን ማን ያነሳል? ስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ሲከፈት የቀይ ባሕር ፍጥረት ወደ ሜዲትራኒያን መንገድ አገኘ። የእኔ ቦይ ስፋቱ አንድ አካፋ ነው፣ ሥራው ግን ያው።

«ለውሃ ይቀርባል» ቢሏችሁም ጅረት ዳር አትቆፍሩ። መውጫውን በወንፊት ብቻ አትመኑት፤ ጠጠርና አሸዋ በሞላው ጉድጓድ አሳልፉት። ወንዱን ብቻ የሚያቀርብ ካገኛችሁ ብር ጨምራችሁ ግዙ። ወንድና ሴት ከተቀላቀሉ ኩሬው በድንክ ዓሣ ይሞላል፣ የሚያመልጠውም ይበዛል።

ጥቅምት ላይ የጎረቤት ልጅ ባልዲ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ከወንዝ ያዝኳቸው፣ ይግዙኝ» አለኝ። ሦስት ቆሮሶ። ተከራክሬ ገዛሁት።