ስልኩ እስኪነሣ ድረስ

ልብ አንጠልጣይ ተከታታይ ድራማዎችን ደግሜ የማየት ልማድ አለኝ። ምስጢሩ የታወቀን ታሪክ እንደገና ማየት ምን ይረባል የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን አንድ ድራማ በምን እንደያዘኝ የምረዳው ያን ጊዜ ነው። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ አገር ተሰጥቶ መልሱ ከተነገረ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ የሚያነሣ አልነበረም። ወደ «ሎስት» ግን መልሱን እያወቅሁ ተመልሻለሁ፤ የመለሰችኝም ደሴቲቱ ሳትሆን በላይዋ ያሉት ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 በአሜሪካው ኤቢሲ የታየው ይህ ድራማ፣ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር ደሴት ላይ የተከሰከሰ አውሮፕላን መንገደኞችን ይከተላል። ሰው የሚገድል ጥቁር ጭስ፣ በየ108 ደቂቃው መጫን ያለበት ቁልፍ፣ በየቦታው የሚደጋገሙ ስድስት ቁጥሮች ነበሩበት። አንዳንዶቹ በቂ መልስ አላገኙም፤ በዚህ ባዘኑት ተመልካቾች አልፈርድም።

በአራተኛው ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል፣ ዴዝመንድ የተባለው ስኮትላንዳዊ አእምሮው በ1996 እና በ2004 መካከል ይመላለስበት ጀመር። በዚሁ ሕመም የተያዘ ሌላ ሰው ዓይኑ እያየ ሞተ። ከሞት የሚያድነው በሁለቱም ዘመን የሚያገኘውና ከልቡ የሚወደው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ሲነገረው፣ ትቷት የሄደውን ፔኒን መረጠ። በ1996 ለንደን ቤቷ ድረስ ሄዶ ስልክ ቁጥሯን ለመናት፤ ስምንት ዓመት እንደማይደውልላት፣ የሚደውለውም በ2004 የገና ዋዜማ እንደሆነ ነገራት። እሷ ቁጥሩን የሰጠችው እንዲሄድላት ብላ ነው። ከዚያ በባሕር መካከል፣ ባትሪው ሊያልቅ በተቃረበ ስልክ፣ በቃሉ የያዘውን ቁጥር ደወለ።

ስለ ጊዜ የተነገረን ያ ረቂቅ ሕግ ብቻውን ቢቀርብ ኖሮ የፊዚክስ ትምህርት ሆኖ በቀረ ነበር። ፔኒ ስልኩን ታነሣለች ወይስ አታነሣም ከሚለው ጥያቄ ጋር ስለታሰረ ግን ትንፋሻችንን ይዘን ተከታተልነው። ሩቅ አገር ያለ የወዳጁን ድምፅ ለመስማት ስልክ ሲጠራ ያዳመጠ ሰው፣ ያቺን ደቂቃ ያለ ማብራሪያ ያውቃታል። በእኔ እምነት ጥሩ የምስጢር ድራማ ማለት ይህ ነው፤ ቋጠሮው ሲፈታ የሰዎቹም ዕጣ አብሮ የሚለይበት።

የኮሪያውያኑ ባልና ሚስት የጂንና የሰን ታሪክ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው። ሰን ከባሏ ተደብቃ እንግሊዝኛ እንደተማረች እኛ የምናውቀው በመጀመሪያው ምዕራፍ ስድስተኛ ክፍል ሲሆን፣ ጂን የሚያውቀው ግን በአሥራ ሰባተኛው፣ ሲደበደብ አይታ በእንግሊዝኛ ስትጮህለት ነው። እስከዚያ ድረስ ምስጢሩን ከእሷ ጋር የያዝነው እኛው ስለሆንን፣ ከሰው ፊት ስትቆም እኛም እንሳቀቅ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳይ ከሁሉ የከበደኝ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአንዱ ጂን ሰንን የልብሷን የላይኛውን ቁልፍ እንድትቆልፍ የሚያዝዝበት ትዕይንት ነው። በመጀመሪያው ዕይታዬ ጠልቼው ነበር። አሁን ግን በስድስተኛው ምዕራፍ፣ ውኃ በሚሞላው ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ትቷት እንዲወጣ እየለመነችው እምቢ ብሎ የሚይዘውን እጇን አውቀዋለሁ፤ ዓይኔ ከቁልፉ ላይ አልነሣ አለኝ።