ምዕራፍ ሰባት ንፋስ አጣ

ልብ ወለዴ ምዕራፍ ሰባት ላይ ከቆመ ስምንት ወር ሊሞላው ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የምጽዋ ልጅ አለ፤ ዕድሜው አስራ ስድስት። የአጎቱን ሳምቡክ፣ ማለትም የቀይ ባሕር ባለ ሸራ ጀልባ፣ ሳያስፈቅድ ይዞ በሌሊት ወደ ዳህላክ ደሴቶች ይነሳል። ሸራውን ይሰቅላል። ከዚያስ? ከዚያማ እኔ ላፕቶፑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ይነጋል።

ችግሩ ገመድ ነው። ሸራ ቢያንስ ሁለት ገመድ አለው። አንዱ ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ሌላው ንፋስ እንዲይዝ ይሰበስበዋል። በእኔ አማርኛ ሁለቱም «ገመድ» ናቸው። «ገመዱን ስቦ አሰረ፤ ከዚያ ገመዱን ያዘ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩት። ልጁ ባሕር ላይ ያለ ሳይሆን አህያ የሚጭን መሰለኝ።

አባዬ ጋ ደወልኩ። አባዬ በወጣትነቱ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበር። ሞተር ክፍል።

«አባዬ፣ ሸራ የሚሰበስበውን ገመድ ምን ትሉት ነበር?»

«የምን ሸራ?»

«የጀልባ።»

«አንተ ልጅ፣ የኛ መርከብ በናፍጣ ነው የምትሄደው። ሸራ ያላቸው ሳምቡኮቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ በዓረብኛና በትግረ ነው የሚያወሩት።» ትንሽ ዝም አለና «ለምንድነው?» አለኝ። ታሪኩን ነገርኩት። «በሌሊት? ዳህላክ? ብቻውን? ይሞታል እኮ!»

ከአባዬ ያገኘሁት ሒስ በቃ ይኼው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ። ሐዋርያት ሥራ 27 ላይ የጳውሎስ መርከብ ትሰበራለች፤ መልሕቅም ሸራም እዚያ አለ። ኢሳይያስ ላይ ደግሞ «ደቀል» አገኘሁ፤ ሸራ የሚሰቀልበት ምሰሶ ማለት ነው። ደስ ሲል! ለጓደኛዬ «ደቀል ታውቃለህ?» ብለው «የመድኃኒት ስም ነው?» አለኝ።

አይፈረድበትም። ደጋ ላይ የንፋስ ሥራ አውድማ ላይ ገለባን ከፍሬ መለየት ነው። ጣና ላይ ታንኳ አለ፤ ግን ከደንገል ተሠርቶ በእንጨት እየተገፋ ነው የሚሄደው። ሸራ የለውም። ያልሠራንበትን ነገር ስም ከየት እናምጣለት?

የምሠራው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ፣ ጃክ ለንደን ስኩዌር የሚባለው የወደብ ሰፈር አጠገብ ነው። ፓርኪንግ፣ የሌሊት ሺፍት። ቴሌግራፍ ጎዳና ካሉት የአበሻ ቤቶች አንዱ ጋ እራቴን በልቼ ወደዚያ እወርዳለሁ። ለዓመታት ጃክ ለንደን ለኔ የሰፈር ስም ነበር። አዲስ አበባ «ሜክሲኮ ውረድ» ስንባል አገሩ ትዝ አይለንም አይደል? እንደዚያ።

አደባባዩ ላይ የሰውየው፣ የአሜሪካዊው ደራሲ ሐውልት ቆሟል። ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜን በሄደ ጊዜ ከኖረበት ጎጆ ግንዶች ግማሹን አምጥተው የሠሩት ትንሽ ቤትም አለ። ፈቀቅ ሲሉ በ1883 የተከፈተች መሸታ ቤት አለች (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የተሠራችው ዓሣ ነባሪ ታድን ከነበረች መርከብ እንጨት ነው። የ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ወለሏን አዘመመው፤ እስካሁን እንደዘመመ ነው። ሳይጠጡ ሰክሮ መቆም ከፈለጉ ጥሩ ቦታ ናት።

ሰውየውን ማንበብ የጀመርኩት ሺፍት ላይ ነው። በ1876 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ፤ ኦክላንድ በድህነት አደገ። አስራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው 300 ዶላር ተበድሮ «ራዝል ዳዝል» የምትባል ባለ አንድ ደቀል ጀልባ ገዛ። ለምን? በሌሊት ኦይስተር ሊሰርቅበት። ኦይስተር በዛጎሉ እያለ የሚበላው የባሕር ፍጥረት ነው፤ ባለቤቶች ነበሩት፣ ሌቦችም ነበሩት። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ወገን ቀይሮ ሕገ ወጥ አጥማጆችን ከሚያሳድዱት ጋር ሠራ። የኔ የምጽዋ ልጅ የአጎቱን ሳምቡክ ሲሰርቅ ስለዚህ ሰው አንድም ነገር አላውቅም ነበር። ሳነበው ደነገጥኩ።

ብሩን ያበደረችው ቨርጂኒያ ፕሬንቲስ የምትባል ጥቁር ሴት ናት። በባርነት ነው የተወለደችው። እሱን በሕፃንነቱ ጡት ያጠባችው እሷ ነበረች። ይቺን ሴት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አስራ ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ በ1893፣ የባሕር እንስሳት ለቆዳቸው በምታድን መርከብ ተቀጥሮ እስከ ጃፓን ጠረፍ ሄደ። ሲመለስ በሰዓት 10 ሳንቲም በሚከፍል የጆንያ ፋብሪካ ገባ። አንድ ጋዜጣ የጽሑፍ ውድድር አወጣ፤ እናቱ «ጻፍ» አለችው። ጃፓን ጠረፍ ላይ ስላየው አውሎ ነፋስ ጻፈ። አንደኛ ወጣ። ሽልማቱ 25 ዶላር ነበር። በፋብሪካው ሒሳብ 250 ሰዓት መሆኑ ነው። እኔም የሰዓት ደመወዝተኛ ነኝና ይህን ስሌት ሠርቼ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ሕይወቱ አዙሪት ነው። መጽሐፍ ሸጦ ጀልባ ይገዛል፤ ጀልባው ላይ ሌላ መጽሐፍ ይጽፋል። በ1903 አንድ መጽሐፉን በ2,000 ዶላር ሸጠና «ስፕሬይ» የምትባል ጀልባ ገዛ። ቀጣዩን ልብ ወለዱን በከፊል የጻፈው እዚያች ላይ ነው። በየጠዋቱ አንድ ሺህ ቃል። ስሜት መጣ አልመጣ አይልም፤ አንድ ሺህ ቃል።

እኔ ሰኞ 200 ቃል እጽፋለሁ፤ ማክሰኞ 180ውን አጠፋለሁ።

እናም ተመዘገብኩ። ከተማው መሀል ሌክ ሜሪት የሚባል ሐይቅ አለ። ሐይቅ ይበሉት እንጂ ከባሕሩ ጋር የተያያዘ ጨዋማ ውሃ ነው። እዚያ ጀልባ ያስተምራሉ። የሰጡኝ «ኤል ቶሮ» የምትባለዋን ነው፤ ርዝመቷ ስምንት ጫማ፣ ሸራዋ አንድ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ልጆች ናቸው። እኔ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ ቦርጬን በመንሳፈፊያ ጃኬት አስሬ መሀላቸው ቆምኩ።

አስተማሪዋ ሰባ ዓመት የሚሆናት ጡረተኛ ናት። የገመዶቹን ስም በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። እኔ በልቤ አማርኛ እፈልጋለሁ። ሸራውን የሚሰበስበውን ገመድ በእጄ ስይዝ አያቴ ትዝ አሉኝ። ጎጃም፣ ፈረሳቸው ላይ። ገመዱ እጄ ውስጥ ይኖራል፤ ጫፉ ላይ ከኔ የሚበረታ ነገር አለ፤ ሳብ ሳደርገው ይሰማኛል፣ እሱም መልሶ ይስበኛል። ልጓም! ቃሉ ሲመጣልኝ ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ አንዲት ልጅ ዞር ብላ አየችኝ።

ልጓም ያልኩበት ደስታ አስር ደቂቃ አልቆየም። በሕንፃዎቹ መሀል ንፋስ ድንገት መጣ። ጀልባዋ በአንድ ጎን ተነሳች። እኔ ምን አደረግሁ? የደነበረ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያደርገውን። ልጓሙን ጠብቄ ሳብኩ። ሸራው ንፋሱን ሙሉ በሙሉ ታቀፈውና ተገለበጥን።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ሽታውን አልነግራችሁም። አስተማሪዋ እየቀዘፈች መጣችና «ልቀቀው እኮ ነው የምልህ!» አለችኝ። ለካ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ፈረስ ሲደነብር ትስባለህ፤ ጀልባ ስትደነብር ትለቃለህ። ገመዱን ስትለቀው ሸራው ንፋሱን ይተፋል፤ ጀልባዋም ቀና ትላለች። ቃሌ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም አልጣልኩትም።

ንፋሱ ከፊት ሲመጣስ? ቀጥታ መሄድ አይቻልም። በሰያፍ ወደ ግራ ትሄዳለህ፣ አፍንጫዋን በንፋሱ በኩል ታዞራለህ፣ በሰያፍ ወደ ቀኝ ትሄዳለህ። ስትዞር ከሸራው ሥር ያለው አግድም እንጨት ከጎን ወደ ጎን ይወረወራልና ጎንበስ ነው። ሁለቴ አልጎነበስኩም።

ይህን ሁሉ ከቀመስኩ በኋላ ነው የለንደንን ትልቁን እብደት፣ የ«ስናርክ»ን ነገር፣ በደንብ የገባኝ። ባለ ሁለት ደቀል ናት፣ ርዝመቷ 17 ሜትር ገደማ። በራሱ ሐሳብ ነው ያሠራት። 7,000 ዶላር ትፈጃለች ብሎ ገመተ፤ 30,000 ፈጀች። (ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል።) የታችኛው የብረት ክብደቷ ቀልጦ በቅርጽ ሊፈስ የተቀጠረው ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ማታ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ሳን ፍራንሲስኮ ተንቀጠቀጠች። በዓመቱ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1907፣ ሚስቱን ይዞ ተነሳ። እቅዱ ሰባት ዓመት ዓለምን መዞር ነው።

ውሃ አያስገቡም የተባሉት ክፍሎች ውሃ አስገቡ። ሞተሩ ተበላሸ። ማዕበል ሲመጣ አፍንጫዋን ወደ ንፋስ አዙራ እንድትቆም ቢታገሏት እምቢ አለች። መንገድ መሪ ተብሎ የተያዘው የሚስቱ አጎት ደግሞ የት እንዳሉ መናገር አቃተው። ለንደን መጽሐፍ ገልጦ በፀሐይ ቦታ መለየትን ራሱ ተማረ። ከዚያ ኮራ። ምስጢር የተገለጠለት ካህን የሆነ ያህል እንደተሰማው ራሱ በቀልድ ጽፏል። ሃዋይ በ27 ቀን ደረሱ። ከሃዋይ ማርኬሳስ ደሴቶች ደግሞ 60 ቀን ፈጀ። መሀል ላይ የመጠጥ ውሃ አጥሯቸው ዝናብ ነው ያተረፋቸው።

በየጠዋቱ አንድ ሺህ ቃል ግን አልቀረም። «ማርቲን ኤደን» የሚለውን ልብ ወለድ ሃዋይ ጀምሮ ታሂቲ ጨረሰው። ስለ ምን መሰላችሁ? ደራሲ ልሁን ስለሚል አንድ የኦክላንድ መርከበኛ። ያ ሁሉ ሰማያዊ ውሃ ዙሪያውን ከቦት እሱ የሚያየው የኦክላንድን ጠባብ ኪራይ ክፍል ነው። እኔ ደግሞ ኦክላንድ ቁጭ ብዬ ምጽዋን አያለሁ። ያላየኋትን ምጽዋ።

ጉዞው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሰሎሞን ደሴቶች አካባቢ ታመመ። እጁ አበጠ፣ ቆዳው ይላጥ ጀመር። በ1908 መጨረሻ ሲድኒ ሆስፒታል ገብቶ ጉዞውን ተወው።

እዚህ ላይ ነው ቨርጂኒያ ፕሬንቲስን ያዙልኝ ያልኩት። ዲሴምበር 26 ቀን 1908 እዚያው ሲድኒ ጃክ ጆንሰን ቶሚ በርንስን በቦክስ አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለንደን ሪንጉ አጠገብ ነበር፤ ለኒውዮርክ ጋዜጣ ይዘግባል። ጡረታ የወጣው ነጭ ሻምፒዮን ጄፍሪስ ተመልሶ የጆንሰንን ፈገግታ ከፊቱ እንዲያጠፋለት ጠራ። ያነበብኩት ሌሊት መጽሐፎቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ለሁለት ሳምንት አልነካኋቸውም። የመጀመሪያ ጀልባህን በማን ብር ገዛህ፣ አንተ ሰውዬ? ጡቱስ የማን ነበር? ንፋስን እንደዚያ በትክክል የሚያይ ዓይን እንዴት አጠገቡ ያለውን ሰው አያይም? አንዳንዱ አንባቢ «ዘመኑ ነው» ይላል። ቨርጂኒያ ፕሬንቲስም የኖረችው በዚያው ዘመን ነው።

ተመልሼ አነበብኩት፤ አልዋሽም። የእጅ ሥራ ሲጽፍ የሚተካከለው ጥቂት ነው። ሰው ገመድ ሲይዝ፣ ሲያስር፣ ሲፈታ። በኋላም «ሮመር» የምትባል ጀልባ ገዝቶ ከሚስቱ ጋር እዚሁ ባሕረ ሰላጤና ወንዞቹ ላይ ይንሸራሸር ነበር። በ1916 ሲሞት አርባ ዓመቱ ነበር።

ምዕራፍ ሰባትን እንደገና ጻፍኩት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፤ ንፋስ ግን እስከ መጨረሻ አይጠብቅም። ስለዚህ ማዕበሉ ሲመጣ ዓረፍተ ነገሮቹን ቆራረጥኳቸው። ሳብ። ያዝ። ጎንበስ። ልቀቅ። ሸራ የሚሰቅለውን «መስቀያ» አልኩት፣ የሚሰበስበውን «ልጓም»። ደቀልንም አስገባሁ፤ የማያውቅ ይጠይቅ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ልጁ በሰያፍ እየሄደ፣ አፍንጫዋን በንፋሱ በኩል እያዞረ፣ እየጎነበሰ፣ እኔ ሌክ ሜሪት ላይ የተማርኩትን ሁሉ ያደርጋል። ጥሩ ሆኗል ብዬ አመንኩ።

እሁድ ለአባዬ በስልክ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እንደዚያ አይዞርም» አለ።

«ምኑ?»

«ሳምቡክ። ከመርከብ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ፊቱን ወደ ንፋስ አያዞርም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚዞረው። ሸራውን የያዘው ረጅም እንጨት አለ አይደል? እሱን በምሰሶው ፊት አዙረው ወደ ወዲያኛው ጎን ያሳልፉታል። ሦስት አራት ሰው ሆነው፣ እየዘፈኑ። አንድ ሰው አይችለውም።»

ዝም አልኩ።

«ብቻውን ይሞታል ብዬህ ነበር» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ምዕራፍ አንድን ከፈትኩ። ሦስት ጓደኛ ልፈልግለት ነው።